ቁልፉን ይዞ መኪና መስጠት

የንባብ ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ 4፥32 – 5፥11፤ 2ኛ ሳሙኤል 24፥18–25

(በእሑድ አምልኮ የቀረበ ስብከት፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)

እዚህ አሜሪካ ያላችሁም፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች ሆናችሁ ይህን ቃል የምትከታተሉም፣ ጌታ ይባርካችሁ። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ክፈቱና የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4ን አውጡ።

ዛሬ የምናገረው ስለ መስጠት ነው። «ፓስተር ደግሞ ዛሬ ሊያዋጣን ነው» ብላችሁ ኪሳችሁን አትያዙ፤ መልእክቱ ሲያበቃ የሚዞር ቅርጫት የለም። ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ አሮጌ መኪና ነው። በዚያ መኪና ውስጥ ግን የእኔንም የእናንተንም ልብ እናያለን።

አስቀድመን ወደ ቃሉ እንሂድ። ሉቃስ የመጀመሪያይቱን ቤተ ክርስቲያን ሕይወት ሲተርክልን፣ አማኞቹ በልብ አንድ እንደነበሩ፣ ያላቸውን ነገር «የግሌ» ብለው እንዳልያዙ፣ በመካከላቸውም ችግረኛ እንዳልነበረ ይነግረናል። ከዚያም ሁለት ምሳሌዎችን ጎን ለጎን ያቆማል። የመጀመሪያው ዮሴፍ የሚባል የቆጵሮስ ተወላጅ ሌዋዊ ነው። ሐዋርያት በርናባስ ብለው ጠሩት፤ የመጽናናት ልጅ ማለት ነው። ይህ ሰው መሬቱን ሸጦ ገንዘቡን ለሐዋርያት አስረከበ። አለቀ። ሉቃስ ስለ መሬቱ ስፋት፣ ስለ ተሸጠበት ዋጋ፣ በርናባስ ሲያስረክብ ስላደረገው ንግግር አንድ ቃል እንኳ አልጻፈም።

ሁለተኛው ሐናንያ ነው፤ ከሚስቱ ከሰጲራ ጋር። እነርሱም መሬት ሸጡ። እነርሱም ገንዘብ አመጡ። እነርሱም እዚያው ቦታ አስቀመጡ። ከውጭ ለሚያይ ሰው የሁለቱ ስጦታ ልዩነት የለውም። መጽሐፍ ቅዱሳችን ላይ በመካከላቸው የምዕራፍ ቁጥር ስለገባ ለያይተን እናነባቸዋለን እንጂ፣ ሉቃስ ሲጽፍ የምዕራፍ ቁጥር የሚባል ነገር አልነበረም። ታሪኩ አንድ ነው። የሚለያቸው «ግን» የምትል አንዲት ቃል ናት። በርናባስ እንዲህ አደረገ፤ ሐናንያ ግን…

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ሰጡ። አንዱ የመጽናናት ልጅ ተባለ፤ ሌላው ተገንዞ ወጣ። ለምን? መልሱን በአጭሩ ልንገራችሁና ቀሪውን ጊዜ እንዘርዝረው። መስጠት ማለት መልቀቅ ነው። በርናባስ ለቀቀ። ሐናንያ ሰጠ፤ ግን አልለቀቀም።

ጋራዥ ውስጥ ያለው ካዲላክ

በመካከላችን ያሉ አንድ አባት ከተወሰኑ ወራት በፊት ሊያነጋግሩኝ መጡ። ፈቃዳቸውን ጠይቄ፣ ስማቸውን ሳልጠራ ታሪካቸውን እነግራችኋለሁ።

እኚህ አባት በሱዳን በኩል በስደት አልፈው ወደ አሜሪካ የመጡ ናቸው። መጀመሪያ ያገኙት ሥራ መሃል ከተማ፣ ምድር ቤት ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር። ብዙዎቻችሁ ያን ሥራ ታውቁታላችሁ፤ ዛሬም የምትሠሩት አላችሁ። ባለቤቱ ቁልፉን ወርውሮ ይሄዳል፤ እናንተ ከበሩ እስከ ታችኛው ፎቅ ትነዱታላችሁ። በቀን ስንትና ስንት መኪና ትነዳላችሁ፤ አንዱም የእናንተ አይደለም። ከእነዚያ መኪኖች መካከል አንድ ካዲላክ ነበር። ጋሼ በዚያች ሃምሳ ሜትር መንገድ ላይ «አንድ ቀን» ይሉ ነበር።

ስለ መኪና ለማታውቁ ላስረዳ። ካዲላክ በ1902 ዲትሮይት ከተማ የተመሠረተ ኩባንያ ነው፤ ስሙን የወሰደው ከተማዋን በ1701 ከቆረቆረው ፈረንሳዊ ነው። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በዚህ አገር «ተሳካልኝ» ለማለት የሚፈልግ ሰው ብዙ ማውራት አላስፈለገውም፤ ካዲላኩን በር ላይ ማቆም ይበቃ ነበር። ጋሼ ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ የገዙት የ1976 ኤልዶራዶ ነው፤ ጣሪያው የሚከፈተው። ርዝመቱ ከአምስት ሜትር ተኩል ይበልጣል። ሞተሩ 8.2 ሊትር ነው። አብዛኞቻችን የምንነዳትን ቶዮታ የሚያህሉ አራት ሞተሮች በአንድ ላይ አስቡ።

ይህ መኪና ራሱ አንድ ስብከት ይወጣዋል። ያኔ ጣሪያው የሚከፈት መኪና መሥራት እየቀረ ስለነበር ኩባንያው «ከዚህ በኋላ አይኖርም፤ የመጨረሻው ነው» አለ። 14 ሺህ ያህል ተሠሩ። ዋጋው 11 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ሰው ተሻማ። ብዙዎች ገዝተው ሳይነዱት ሸፈኑት፤ «ዛሬ ላስቀምጠው፣ ነገ ወርቅ ይሆናል» ብለው። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይሄ ነው። ዓመታት አለፉና ያው ኩባንያ በ1984 ሞዴል ጣሪያው የሚከፈት ኤልዶራዶ እንደገና ይዞ ብቅ አለ። ካከማቹት ሰዎች መካከል ተታለልን ብለው ፍርድ ቤት የሄዱ ነበሩ። ጌታችን ብልና ዝገት የሚያጠፋውን ሀብት በምድር አታከማቹ ብሎ ሲያስተምር፣ ብልና ዝገት ብቻ አይደሉም ጠላቶቹ። የነጋዴ ቃልም ይለወጣል።

የእኛ አባት ግን ለትርፍ አልገዙትም። ለእሳቸው ያ መኪና ምስክር ነበር። «እዚያ ምድር ቤት ውስጥ አልቀረሁም» የሚል ምስክር። እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሽፋኑን ገልጠው ሞተሩን ያስነሡታል፤ ሰፈሩን አንድ ዙር ዞረው መልሰው ይሸፍኑታል። ልጆቻቸው አድገው በየፊናቸው ሄደዋል፤ መኪናውን የሚፈልግ የለም። ታዲያ ያን ቀን መጡና እንዲህ አሉኝ፦ «ፓስተር፣ ይቺን መኪና ለጌታ ሥራ ልሰጣት ወስኛለሁ። አፌ ሰጥቷል፤ እጄ ግን እንቢ አለኝ።»

ቅዱሳን፣ ይህን ያህል እውነተኛ ንግግር ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ቀጥለውም ሦስት ነገር ጠየቁኝ። ይህ በእውነት መሥዋዕት ይባላል? ዋጋዋን ስንት ብዬ ልጻፍ? ለማንስ ልስጥ? በእነዚህ በሦስቱ እንሂድ።

1. የተረፈንን ወይስ የሚከብደንን?

በአሜሪካ ሬዲዮ የሚነገረውን ማስታወቂያ ታውቁታላችሁ። መኪናዎን ይለግሱ፣ ባይነሣም ግድ የለም፣ በነፃ ጎትተን እንወስዳለን ይላል። መቼ ነው ይህ ማስታወቂያ የሚታወሰን? ትራንስሚሽኑ ሲሞት ነዋ! መካኒኩ ከመኪናው ዋጋ በላይ ሲጠይቀን፣ የአፓርታማው አስተዳደር «አንሡልን» ብሎ ወረቀት ሲለጥፍብን፣ ያን ጊዜ ድሆች ትዝ ይሉናል።

ይህ ክፉ ነው አልልም። መኪናው ከሚበሰብስ ለበጎ ሥራ ቢውል ይሻላል። ግን በስሙ እንጥራው፤ ይህ ጽዳት ነው፤ መሥዋዕት አይደለም። ወደ አገር ቤት የምንልከው ከረጢት ሙሉ አሮጌ ልብስም፣ ለቤተ ክርስቲያን የምናመጣው አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ኮምፒውተርም እንደዚሁ ነው። ነቢዩ ሚልክያስ በምዕራፍ 1 ዕውርና አንካሳ በግ ይዘው ለሚመጡ ሰዎች ያላቸው ነገር ይገርመኛል። እስቲ ይህንን ለገዢህ ይዘህለት ሂድና ፊትህን ያይልህ እንደሆነ ሞክር ነው ያላቸው። ለአለቃችን ልደት የማንሰጠውን ነገር ለእግዚአብሔር አምጥተን ምስክርነት እንጠይቅበታለን።

ወደ 2ኛ ሳሙኤል 24 እንምጣ። በእስራኤል መቅሠፍት ወርዷል፤ መቅሠፍቱ የቆመው በኢያቡሳዊው በኦርና ዐውድማ አጠገብ ነው። ነቢዩ ጋድ ዳዊትን እዚያ መሠዊያ ሥራ አለው። ዳዊት ሄደ። ኦርና ደግሞ ደግ ሰው ነው፤ ዐውድማውን ውሰድ፣ በሬዎቹን ውሰድ፣ ለማገዶ የእርሻ ዕቃውን ውሰድ፣ ሁሉንም በነፃ ሰጥቼሃለሁ አለው። እኛ ብንሆን «ጌታ አዘጋጀልኝ!» ብለን እንመሰክር ነበር። ዳዊት ግን እምቢ አለ። ምንም ያላስከፈለኝን ነገር ለአምላኬ አላቀርብም አለና 50 ሰቅል ብር ከፍሎ ገዛው።

ልብ በሉ፤ እግዚአብሔር በሬ አጥቶ አይደለም። ዳዊትም ይቅርታን በ50 ሰቅል አልገዛም፤ ምሕረት በገንዘብ አይገዛም። ግን ዳዊት አንድ ነገር ገብቶታል። ከእኔ ያልወጣ ነገር የእኔ ስጦታ አይደለም። ኋላ 2ኛ ዜና መዋዕል 3፥1ን ብታነቡ፣ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን የሠራው በዚያው ዐውድማ ላይ ነው። ዋጋ በተከፈለበት መሬት ላይ።

ስለዚህ ለጋሼ የመለስሁላቸው ይህን ነው፦ «ጋሼ፣ እጅዎ እንቢ ማለቱ መልካም ምልክት ነው። እንቢ የሚል እጅ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። ባዶ እጅ አይከራከርም።»

በዱባይ ወይም በቤይሩት በሰው ቤት የምትሠሪ እህቴ፣ አንቺ ካዲላክ የለሽም። ምናልባት ያለሽ ከደመወዝሽ አጠራቅመሽ የገዛሻት አንዲት የወርቅ ሀብል ናት። ታማ ሥራ ለቀቀች ለተባለች ጓደኛሽ የአውሮፕላን ትኬት ሲዋጣ ያንን ሀብል ሸጠሽ የሰጠሽ ቀን፣ ከዚያ የሚበልጥ ስጦታ በጌታ ፊት የቀረበ አይምሰልሽ። ጌታችን በመዝገቡ ፊት ተቀምጦ ሲያይ፣ የቆጠረው የገባውን ብቻ አልነበረም፤ መበለቲቱ እጅ ላይ የቀረውን ነው።

2. ስንት ብለን እንጻፍ?

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ታክስ ነው። አንድ ወዳጃቸው መክሯቸዋል። ኢንተርኔት ላይ እንደዚህ ያለ ካዲላክ ለሽያጭ ሲቀርብ የሚጠየቅበትን ትልቁን ዋጋ ፈልግ፣ እሱን ለድርጅቱ ሰጠሁ ብለህ ሙላ፣ ማን ይጠይቅሃል አላቸው።

በመጀመሪያ ሕጉ ራሱ ይጠይቃል። ድሮ ሰው የፈለገውን ዋጋ ይጽፍ ነበር፤ በሰጪው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥርና ድርጅቱ እጅ የሚገባው ገንዘብ እጅግ የተራራቀ ሆነ። ስለዚህ በ2004 ሕግ ወጣና ከ2005 ጀምሮ እንዲህ ሆነ። ከታክስ ላይ የምትቀንሱት የመኪናው ዋጋ ከ500 ዶላር በላይ ከሆነ፣ መቀነስ የምትችሉት በአብዛኛው ድርጅቱ መኪናውን በሸጠበት ዋጋ ልክ ብቻ ነው። ከዚህ የሚወጡ ሁኔታዎች አሉ፤ ድርጅቱ መኪናውን ራሱ በሥራው ላይ በሰፊው ከተጠቀመበት፣ ዋጋውን የሚጨምር ትልቅ ጥገና ካደረገለት፣ ወይም ለችግረኛ ሰው በነፃ ወይም በጣም ርካሽ ከሰጠው፣ የገበያ ዋጋው ሊታሰብላችሁ ይችላል። ድርጅቱ 1098-ሲ የሚባል ቅጽ ይሰጣችኋል፤ ለመንግሥትም አንድ ቅጂ ይሄዳል። ስታንዳርድ ዲዳክሽን የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ መኪና በመስጠታችሁ የሚቀነስላችሁ የለም። ዝርዝሩን ከታክስ ባለሙያችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

ይህን ሁሉ ከመድረክ ላይ ለምን አነሣሁት? የሐዋርያት ሥራ 5 በትክክል ስለዚህ ስለሚናገር ነው! ጴጥሮስ ሰጲራን የጠየቃት ስለ ጾሟ ወይም ስለ ጸሎቷ አይደለም። የጠየቃት ስለ ዋጋው ነው። መሬቱን የሸጣችሁት በዚህ ዋጋ ነውን አላት። አንድ ቁጥር ነው የጠየቃት። እሷም የተሳሳተውን ቁጥር መለሰች።

በግሪኩ ሉቃስ ሐናንያ ያደረገውን የገለጸበት ግስ «ኖስፊዞማይ» ነው፤ ሰርቆ ወደ ጎን ማስቀረት ማለት ነው። ይኸው ቃል በጥንቱ የግሪክ ብሉይ ኪዳን ውስጥ፣ በኢያሱ ምዕራፍ 7፣ አካን ከኢያሪኮ ምርኮ ላይ ስለ ሰረቀው ነገር ተጽፏል። ሉቃስ ቃሉን በከንቱ አልመረጠም። ሐናንያ የራሱን ገንዘብ ይዞ እንዴት ሌባ ይሆናል? ጴጥሮስ እኮ ሳይሸጥ ያንተ ነበር፣ ከተሸጠም በኋላ በሥልጣንህ ሥር ነበር ብሎታል። ማንም አላስገደደውም። «ግማሹን አምጥቻለሁ፣ ግማሹን ለቤቴ አስቀርቻለሁ» ቢል ኖሮ በሰላም ተቀብለውት፣ ጸልየውለት ወደ ቤቱ በሄደ ነበር። እግዚአብሔር ግማሽ ስጦታ አይንቅም። የተጣላው ግማሹን ሙሉ ብሎ ከሚጠራ ምላስ ጋር ነው።

ቅዱሳን፣ ሐናንያ የፈለገው የበርናባስን ስም በቅናሽ ዋጋ ለመግዛት ነበር። እኛም 2 ሺህ ዶላር ሰጥተን 20 ሺህ ስንጽፍ የምናደርገው ይህንኑ ነው። በአንድ እጃችን ለድሃ እንሰጣለን፤ በሌላው ከመንግሥት ካዝና እናወጣለን። ያ ገንዘብ ደግሞ የጎረቤታችን የታክስ ገንዘብ ነው። በተሳሳተ ቁጥር የተባረከ ስጦታ የለም።

3. ለእነማን ጥቅም?

የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ በአንድ ታሪክ ልጀምር። ዘፋኙ ኤልቪስ ፕሪስሊ ካዲላክ እየገዛ ለሰው በመስጠት የታወቀ ነበር፤ እኔ የምነግራችሁ ግን ስለ መርከቡ ነው። በ1964 የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትን የመዝናኛ መርከብ «ፖቶማክን» በ55 ሺህ ዶላር ገዛ፤ ለበጎ አድራጎት ሊሰጠው። መጀመሪያ ያቀረበለት ራሱ ሩዝቬልት ለመሠረተው «ማርች ኦፍ ዳይምስ» ለተባለው ድርጅት ነበር። ድርጅቱ አልተቀበለም፤ እንዲህ ያለ መርከብ ጠግኖ ማቆየት ራሱን የቻለ ወጪ ነው። በመጨረሻ ሜምፊስ ያለው ሴንት ጁድ የሕፃናት ሆስፒታል ተቀበለው፤ ሸጦም ገንዘቡን ለሥራው አዋለው። ለታመሙ ሕፃናት መርከብ ምን ይሠራል? መድኃኒት ግን ይሠራል።

ከዚህ የምንማረው ይህን ነው። መልካም ስጦታ የሚጀምረው ከሰጪው ጓዳ ሳይሆን ከተቀባዩ ጉድለት ነው። እስቲ የጋሼን ካዲላክ ሁለት ልጆች ብቻዋን ለምታሳድግ እናት ሰጠናት እንበል። በሮቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ የልጅ መቀመጫ ከኋላ ስታስገባ ወገቧ ይቆረጣል። ቤንዚኑ ደመወዟን ይጠጣዋል። አንድ ዕቃ ቢሰበር ሰብሳቢ ዘንድ ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ፎቶዋ ያምራል፤ ሥራ ግን ትባረራለች። እሷ የምትፈልገው ማሞቂያው የሚሠራ፣ ጠዋት ያለ ጸሎት የሚነሣ ተራ ኮሮላ ነው።

«ወደ አገር ቤት እንላከውና እዚያ ያለ የሕፃናት ማሳደጊያ ይጠቀምበት» ያሉም ነበሩ። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ስለዚህ ያ በር ዝግ ነው። በማስታወቂያ የሚሰበሰቡ መኪኖች ደግሞ በአብዛኛው በጅምላ ጨረታ ነው የሚሸጡት፤ እዚያ የሚመጣው ገዢ ደግሞ እንዲህ ያለውን መኪና የሚፈልግ ሰው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ጋሼ ራሳቸው ጊዜ ወስደው ዋጋውን ለሚያውቅ አንድ አሮጌ መኪና ወዳድ ሸጡት። ያገኙትን በሙሉ ተራ መኪኖችን ጠግኖ ለእናቶችና አዲስ ለመጡ ስደተኞች ለሚሰጥ አንድ አገልግሎት አስረከቡ። ስንት እንደሸጡት አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ከሽያጩ በፊት «ፓስተር፣ ከአፍንጫዋ ላይ ያለውን ምልክት ነቅዬ ላስቀረው ይሆን?» ብለው ነበር። ሳቅን። ምልክቱን ትተው አንድ ፎቶ አስቀሩ። ፎቶ ማስቀረት የሐናንያ ኃጢአት አይደለም።

ስለ ስማችንም አንድ ነገር ልበል። ጌታችን በማቴዎስ 6 ስንመጸውት ግራ እጃችን የቀኛችንን እንዳታውቅ አስተምሮናል። ሆኖም የበርናባስ ስጦታ ታውቋል፤ ስሙም ተጽፏል። መታወቁ በራሱ ኃጢአት አይደለም ማለት ነው። ለመታወቅ መስጠት ግን ሌላ ነው። ልባችሁን እንዲህ ፈትኑት፦ ስማችሁን ሳይጠሩ ቢቀሩ ትከፋላችሁ? ከከፋችሁ፣ ገና ያልለቀቃችሁት ነገር አለ።

ከስም ደግሞ የሚከፋ አለ፤ እሱም ቁልፉን ይዞ መስጠት ነው። መኪናውን ሰጥተን በየወሩ እንደውላለን። «ለማን ሰጣችኋት? ለእሷ? እሷ እኮ ሲጋራ ታጨሳለች! ዘይቱን ቀይራለች? በሩ ለምን ተጋጨ?» ወንድሜ፣ ታይትሉን ፈርመህ አስረክበሃል፤ ቁልፉ ግን ልብህ ውስጥ አለ። የሰጠኸው ሰው ባየህ ቁጥር አንገቱን እንዲደፋ የሚያደርገው ይህ ቁልፍ ነው። በመካከላችን ከዓመታት በፊት አንድ ፍራሽ፣ አንድ ወር ማረፊያ ተሰጥቷቸው እስከ ዛሬ የሚቆጠርባቸው ሰዎች አሉ። ከመስጠታችሁ በፊት መርምሩ፤ ድርጅቱ በሕግ የተመዘገበ መሆኑን፣ ገንዘቡን ምን እንደሚያደርግበት ጠይቁ። ይህ መጋቢነት ነው። ከሰጣችሁ በኋላ ግን ልቀቁ።

4. ባንለቀው ይለቀናል

አንዳንዶቻችሁ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.ን በዓይናችሁ አይታችኋል፤ ሌሎቻችን ከወላጆቻችን ሰምተናል። ጃንሆይ በቤተ መንግሥታቸው ምርጥ ምርጥ አውቶሞቢሎች ነበሯቸው። በዚያች ማለዳ ግን ከቤተ መንግሥት የወጡት በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ይህን የማነሣው በፖለቲካ ልፈርድ አይደለም፤ የኀዘን ትዝታ ያለበት ነገር መሆኑንም አውቃለሁ። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ንጉሥም ቢሆን የመጨረሻ ጉዞውን የሚሄድበትን መኪና አይመርጥም። የእኔና የእናንተም የመጨረሻ መኪና ረጅምና ጥቁር ነው፤ ቁልፉም በሌላ ሰው ኪስ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ያለንን እንለቃለን ወይስ አንለቅም አይደለም። ሁላችንም እንለቃለን። ጥያቄው ተወስዶብን ነው ወይስ ሰጥተን ነው የምንለቀው የሚለው ነው።

5. ቁልፉን ያልያዘው ጌታ

እዚህ ላይ ብጨርስ የሰበክሁላችሁ ወንጌል ሳይሆን ሸክም ይሆን ነበር። «ብዙ ስጡ፣ በደንብ ስጡ፣ ሳትዋሹ ስጡ» ብሎ ማሰናበት ማንንም አይለውጥም። እጃችን የሚፈታው በግሣጼ አይደለም፤ የተሰጠንን ስናይ ነው።

ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8፥9 ስለ ገንዘብ መዋጮ ሲጽፍ ድንገት ወደ መስቀሉ ይሄዳል። ባለ ጠጋ የነበረው ጌታ፣ እኛ በድህነቱ እንድንበለጽግ ስለ እኛ ደሃ ሆነ ይላል። በፊልጵስዩስ 2ም ከአብ ጋር ያለውን እኩልነት ሊጨብጠው እንዳልፈለገ፣ ራሱን ባዶ እንዳደረገ ይነግረናል። የሰማይና የምድር ባለቤት ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ የተቀመጠበት ውርንጭላ የሰው ነበር። የተቀበረበት መቃብርም የሰው ነበር። ከተረፈው ቆርሶ አልሰጠንም፤ ራሱን ሰጠን። ዋጋችንንም አልዋሸም፤ ስንት እንደምናስከፍል አውቆ ሙሉውን ከፈለ። ከሰጠንም በኋላ ውለታውን እየቆጠረ አንገታችንን አያስደፋንም፤ ልጆቼ ይለናል።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ያ ካዲላክ ሊነግርልህ የሞከረውን ነገር ጌታ አስቀድሞ ተናግሮልሃል። ከምድር ቤት ማውጣቱን፣ ሰው መሆንህን፣ መከበርህን የሚመሰክርልህ ጋራዥ ውስጥ የቆመ ብረት አይደለም። በደሙ የተገዛህ ነህ። ይህን ያመነ እጅ መፍታት ይችላል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ?

ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ሽፋን ያለበሳችሁትን ነገር ፈልጉ። ለአንዱ መኪና ነው፣ ለሌላው ወርቅ፣ ለሌላው አዲስ አበባ ተዘግቶ የተቀመጠ ኮንዶሚኒየም። «ስጡት» አላልሁም፤ በርናባስን ማንም አላስገደደውም። ግን በጌታ ፊት ይዛችሁት ቅረቡና «ይህ የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ልትሰጡ ከወሰናችሁ አስቀድማችሁ ከተቀባዩ ጋር ተነጋገሩ፤ ምን እንደሚጎድለው ስሙ። መኪና ከሆነ ያለበትን ችግር ደብቃችሁ አትስጡ፤ ፍሬኑ የማይይዝ መኪና ለድሃ መስጠት ምጽዋት ሳይሆን አደጋ ነው። ታይትሉን በሕጉ መሠረት በተቀባዩ ስም አዛውሩ። በታክስ ወረቀታችሁ ላይ እውነተኛውን ቁጥር ጻፉ፤ ትንሽ ቢሆንም ጻፉት። ከዚህ በፊት ሰጥታችሁት እስከ ዛሬ የምትቆጥሩት ውለታ ካለ ደግሞ ለዚያ ሰው ደውሉና ድምፁን ጠይቁ፤ ስለ ውለታው ግን አንዳች አታንሡ። ያን ጊዜ ቁልፉን አስረከባችሁ ማለት ነው።

እንጸልይ።

አባታችን ሆይ፣ አንተ የሰጠኸንን «የእኔ» ብለን ጨብጠን ይዘናል፤ ይቅር በለን። የተረፈንን ሰጥተን እንደ መሥዋዕት የቆጠርንበትን፣ ትንሹን ትልቅ ያስመሰልንበትን፣ በሰጠነው ነገር ሰውን ያዋረድንበትን ጊዜ ይቅር በለን። ለእኛ ሲል ሁሉን የለቀቀውን ልጅህን አሳየን። እሱን ያየ ዓይን ስጠን፤ የሚፈታ እጅ ስጠን። ዛሬ ማታ ሥራ ፍለጋ በእግሯ የምትመላለሰውን እናት አስብ፤ ከመካከላችን አንዱን ላክላት። በጌታችንና በመድኃኒታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ጸለይን። አሜን።